በሁለት ቁጣ መካከል

ሥራዬ አጠባ ነው። ልብስ አይደል፣ ድስት አይደል፤
ቀለም የቀባነው ስስ ሉህ፣ ከመስታወት የቀለለ፣ ሴሉሎይድ የሚባል።
ሎስ አንጀለስ ነን፣ ከስቱዲዮው ጓሮ፤
ጦርነት ነውና ሉሁም እንደ ስኳር በራሽን ተቆጥሮ፣
የአምናው ጃርት ካልታጠበ የዘንድሮው አይሣልም፤
ሙቅ ውሃ፣ ሶዳ፣ ጨርቅ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለም።

ጃርቱን ታውቁታላችሁ፤ ሆብኔል ነው ስሙ፤
ገና ሳይነኩት ነው እሚፈላው ደሙ።
ጨረቃ ለምን በራች ብሎ ጫማ ይወረውራል፣
በር ሲዘጋበት ከበሩ ጋር ይከራከራል፣
እሾሁ ሲቆም ጣሪያ ይሰነጥቃል፤
ልጆች በሳቅ ከወንበር ይወድቃሉ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ማሸነፍ መች ያውቃል?

ጎረቤቱ ክሎቲልዳ ፔሊካን ናት፤ አፏ የገበያ ከረጢት፣
ቁልፍ ብትሉ፣ ሰዓት ብትሉ፣ የሰው ጥርስ ብትሉ፣ ምን የሌለባት?
ስትጠየቅ «እኔ እንጃ»፤ ዓይኗን ወደ ሰማይ፣
ሲያስነጥሳት ግን የሰፈሩ ንብረት ይበተናል አደባባይ።
እሷን ማጠብ ቀላል ነው፤ ቢጫ ብቻ፣ ነጭ ብቻ፤
ጃርቱ ነው እሚያደክም፤ እሾህ በእሾህ፣ የቀለም ዘመቻ።

የሚሥለው ሰውዬ ኦልደን ራስክ ይባላል፤
ወንበር ሲያደናቅፈው ወንበሩን «ይቅርታ» ይላል።
በር ገፍቶ አይገባም፣ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል፤
ድምፁን ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ይጠይቃል።
ከአለቃው ከሆሎዌይ ፊት ምላሱ ይተሣሠራል፤
እጁ ግን፣ እጁ እርሳስ ሲይዝ፣ ሌላ ሰው ይሠራል።

አንድ ማታ ቀለም ይዤ ስሄድ በበሩ ስንጥቅ አየሁት፣
ከጠረጴዛው መስታወት ጋር ተፋጦ፣ ብቻውን፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፤ ደነገጥሁለት።
ጉንጩ ተነፋ፣ ቅንድቡ ወደቀ፣ አፍንጫው ተርገበገበ፤
ወዲያው እርሳሱን አንሥቶ ያን ፊት ለጃርቱ አስረከበ።
ከዚያ የራሱን በመሐረብ አበሰ፣ እንደ በሉበት ሳህን፤
«አስመሸሁዎ መሰል» አለኝ ሲወጣ፤ «ወይዘሪት ኢርማ፣ ይቅርታዎን።»

ደመወዝ የተቀነሰ ለታ ሆሎዌይ ጠራን፤
ላባ ያለው ቡናማ ቆብ እንደ ደፋ «ጊዜው ነው» አለን።
ሁላችን አጉረመረምን። ራስክ «አመሰግናለሁ» አለ።
በሚቀጥለው ፊልም ጃርቱ ቡናማ ቆብ መንገድ ላይ አገኘ፤
ረገጠው፣ ነከሰው፣ ከነላባው ቀቀለ።
እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን፤ ሆሎዌይ ከፊት ወንበር፣
ቆቡን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በሳቅ ዕንባው ይወርድ ነበር።
«ይህን ቆብ አሥር ጊዜ ድገሙልኝ!» ብሎ አዘዘ፤
ራስክ «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጃርቱ ፈዘዘ።

ለሕዝቡ አልታወቀም። ይወረውራል፣ ይጮኻል፣ እሾሁ ይቆማል፤
እኔ ግን አጣቢ ነኝ፤ ቁጣ ሲሳሳ በጣት ይታወቃል።

አንድ ሰኞ ከሺህ ሉሆች አንዱን ገንዳው ውስጥ ሳልነክር ያዝሁ፤
ወደ መብራቱ አነሣሁት፤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፤ ቆሜ ቀረሁ።
ከአንዱ ቁጣ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ መሐል ላይ፣
እሾሁ ዝቅ፣ ዓይኑ ክድን፣ አፉ አንዳች ሊጠይቅ የተሰናዳ መሳይ።
የሰከንድ ሃያ አራተኛ! ተመልካች አያየውም፤
ጃርት አልነበረም፤ ራስክ ነው። ሳያውቀው ሥሎት ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም።

ሉሁን ከሽርጤ ሥር ደበቅሁ። ስርቆት ነው፤ ቆጠራ አለ፤
መዝጋቢው «ተሰነጠቀ?» ሲለኝ «ተሰነጠቀ» አልሁት፤ ጻፈና ዝም አለ።

ፊልሙ የወጣ ቅዳሜ ሲኒማ ገባሁ፤ ከጎኔ ልጅ፣ ፈንዲሻውን ታቅፎ፤
ጃርቱ መጣ፣ ነደደ፣ ጫማው በረረ፣ ከጨረቃ ጉንጭ አልፎ፤
አሁን ነው አልሁ። አሁን። ዓይኔን አፈጠጥሁ፤ አልተነፈስሁም።
ልጁ በሳቅ ፈነዳ፤ ዓይኔ እርግብ አለ መሰል።
አላየሁም።