የተውሶ እንቅልፍ

ሰኞ ነው፤ ጥር ነው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ
ሚኒባስ ውስጥ አስገባነው፣ ወንድሜን፣ አሰግድ።
ረዳቱ ወንበሩን አጥፎ ጣራ ላይ አሰረና
እጁን ዘረጋ፦ «ሂሳብ የሁለት ሰው ነው።»
ከፈልሁ። ሁለት መሆናችንን ከሱ አፍ ሰማሁ፤
አሥራ አንድ ዓመት አንድ ብዬ ስቆጥር፣ ለካስ ተሳሳትሁ።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ መስኮቱ ሲጠቁር
«መሸ» አለኝ፣ ፊደሉን እየጎተተ ከጉሮሮው ሥር።
«ይነጋል» አልሁት።
ነጋ። ደብረ ብርሃን በውርጭ ተቀበለን።

ቤቱ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤
በሩ ሰፊ፣ ደፍ የሌለው።
ማንም ሳይሸከመው ወንበሩ ራሱ ገባ።
ፀዳለ የምትባል፣ እጇ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሴት፣
ደብተር ከፈተች፦ በየት ጎኑ ይተኛል?
ምን ያስቀዋል? ምን ያስደነግጠዋል?
እኔም እንደ ዳዊት ደጋሚ አወረድሁት፦
በግራው ይጀምር፤ በቀኙ አይቆይ፣ ይቆስላል።
የአህያ ጩኸት ያስቀዋል፣ የበር ጩኸት ያባንነዋል።
ሽሮው ከቀጠነ ትን ይለዋል።
«እህ» ካለ ሕመም ነው።
«እ» ካለ ኩርፊያ ነው፤ ተይው፣ ያልፍለታል።
ጻፈች፣ ጻፈች፣ ገጹ አለቀ፤
ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው
በሰው እጅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ፈለቀ።

የመጨረሻው መስመር፦ «የመጣችሁበት ምክንያት»።
እስክሪብቶውን ያዝሁ። «ደከመኝ» ልል «ደ»ን ጀመርሁና
እናቴ ከመቃብሯ ቀና ያለች መሰለኝ፤ ሰረዝሁና
«የቤታችን ጣራ ያፈሳል፣ ላስጠግን» አልሁ።
ፀዳለ አነበበች። በመስኮቱ ሰማዩን አየች፤
እንኳን ዝናብ፣ የእፍኝ ደመና የለበት።
«እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ» አለች ሳትስቅ፣
«ጣራው ያፈስበታል። እስከ ቅዳሜ ይድረቅ።»

ማክሰኞ ጥርሴን አስነቀልሁ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ «ነገ» ያልሁትን።
ይርገዱ ከአጥር ማዶ፦ «ወንድምሽን የት ጣልሽው?»
ጣልሽው! እንደ ቁልፍ፣ እንደ ሳንቲም።
መልስ ነበረኝ፤ አፌ ግን ጥጥ ጎርሷል።

ሌሊት በስድስት ሰዓት፣ በስምንት፣ በአሥር
ማንም ሳይጠራኝ ቆምሁ፤ የተገራ እግር።
አልጋው ባዶ ነው።
እጄ ግን ሥራ አያጣም፤ ትራሱን ከግራ ወደ ቀኝ
አገላበጠው፣ ብርድ ልብሱን ሳበለት።

ረቡዕ የሚታጠብ ጨርቅ የለም።
እጆቼን ጭኔ ላይ አኑሬ
እንደ ሰው አደራ አየኋቸው።

ሐሙስ አልቻልሁም። ብርቱካን ቋጥሬ ተሳፈርሁ።
ከስቶ፣ በር በሩን እያየ ይጠብቀኛል ብዬ፤
እውነቱን ልናገር፣ እንዲጠብቀኝም ፈልጌ።

አሰግድ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ በሰው ኮት፣
ከመሐል ሜዳ ከመጡ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጋር
በቆርኪ ዳማ ገጥሟል።
እሳቸው በጣት እየዳሰሱ፣ እሱ በአገጩ እየጠቆመ፣
ሁለቱም ያጭበረብራሉ።
ቀና ብሎ አየኝ። ደስ አላለውም።
«ቅዳ...ሜ» አለ።
«ናፍቀኸኝ ነው» አልሁት።
«እ» አለኝ።
ከዚያ ያን የማይታዘዝ እጁን እንደ ምንም አንሥቶ
ወደ በሩ ጠቆመኝ፦ «ጣ...ራው
አል...ደረቀም።»
ማን ነገረው? ፀዳለ ልብስ ታሰጣለች፤ ዞር አላለችም።

ስመለስ ዋሻው መቼ እንደ ዋጠን አላየሁም፤
ደብረ ሲና «ወራጅ» ሲባል አልሰማሁም።
የነቃሁት ሸዋ ሮቢት ነው፣ ሙቀቱ ሲልሰኝ፣
አንገቴ ተጣሞ፣ ሻሼ ወድቆ፣
አንዲት የማላውቃት ሴት በነጠላዋ ጫፍ
አገጬን ስትጠርገኝ።
«ሂሳብ ጨምሪ» ይላል ረዳቱ፣ «አሳልፈሻል።»
«ቀስ በል» አለችው ሴትዮዋ፣
«መጀመሪያ ትንቃ።»