አሥራ ስድስት ጊዜ ስሟን

ሂርማታ ቤታችን፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር፣
አሮጌ ሰርቨር አለች፣ ተኝታ የምታድር፤
የአባቴን ፎቶ ቤት በሙሉ ተሸክማ፣
ሠርጉን፣ ጉርድ ፎቶውን፣ ግማሿን ጅማ።

እኔ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የማታ ተረኛ፣
ፎቶ ልለይ ስደውል፣ ሸምሲያ እንቅልፈኛ፤
«የቱን ነው የምነካው?» ትላለች እንደ አዲስ።
«ክቡን። ከላይ ያለውን።» መብራቱ እስኪበራ ድረስ
ስልኩን አትዘጋም።

ሰለቸኝ። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ባዮሷን በረበርኩ ተራ በተራ፤
«በኔትወርክ ሲጠሩሽ ንቂ»፦ ዝግ ነበር፣ ከፈትኩት፤
ገመዱን ከራውተሩ ጀርባ አጥብቄ ሰካሁት።

ገላዋ ቢተኛም ጆሮዋ አይተኛም፤
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ፣ ሌሊቱን አትጠፋም።
አጠራሯም ወግ አለው፦
ስድስቴ ማንኳኳት፣ ከዚያ ስሟን መድገም፣
አሥራ ስድስት ጊዜ ያንኑ ረጅም ስም፤
አንድ ፊደል ቢዛነፍ ዞር ብላም አታይም።

ከኪቶ ላክሁ። ጠበቅሁ። ነቃች።
ሸምሲያ ስነግራት ሳቀች፣
«እንግዲህ ሥራ ፈታሁ» አለች፣
ስልኩንም ቶሎ ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ በሌሊት መደዋወል የለም፤
የማሽን ስም ስደግም፣ የእህቴን አልጠራም።

ትናንት መብራት ጠፋ። መጣ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት።
ስሟን ላክሁ፣ ደገምሁ።
ምንም።
ለካ መብራት ሲቋረጥ ካርዷ ሁሉን ይረሳል፣
ሰው በእጁ ካልቀሰቀሳት ጆሮዋም ይተኛል።

ስልኩን አነሣሁ። አስቀመጥሁ። እንደገና አነሣሁ።
ሰርቨሯ ስክሪኔ ላይ ብቅ አለች፣ ሳልጠራት።
ተከትሎ መልእክት፣ ከሸምሲያ፦
«መብራት ሲመጣ ነካኋት።
ክቡን። ከላይ ያለውን።»