ምሰሶው ከታየኝ

አሥራ አንድ ተኩል፣ ፒያሳ ጥግ ቆሜ፣
ሞተር እያሞቅሁ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣
ነሐሴ መስታወቱን በጥፍሩ ሲቧጥጥ
መጀመሪያ የምደውለው ጣርማ በር ነው።

ዘርፌ እዚያ ሻይ ቤት አላት፣ ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ።
ሬዲዮ የሚለውን አላምንም።
እሷ ግን በሯን ከፍታ ታያለች፦
«ምሰሶው ከታየኝ፣ ና።
ካልታየኝ፣ ቁርስህን ብላ።
የገዛ እጄን ካጣሁት ግን
ወደ ሚስትህ ተመለስ።»
ሰባት ክረምት አንድ ቀን አልሳተችም።

ረዳቴ ምንተስኖት ጎማውን በእርግጫ ይፈትሻል፣
የሸራውን ገመድ ይስባል፣
«ጋሼ፣ ምን አለች?»

ዛሬ ገና ሳይጠራ አነሳችው።
ስለ ጉሙ ጠየቅኋት።
ዝም። ከዚያ፦
«ምሰሶውስ ይታያል።
አንተ ያለህበት እንዴት ነው?
ልጄ እዚያው ነው፣ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣
ፎቅ ላይ ብረት ያስራል፤
ስልኩ ከሐሙስ ወዲህ አይነሳም።
እስቲ በርህን ክፈትና እይልኝ።»

ጋቢናውን ከፈትሁ።
ዝናብ። የቆርቆሮ አጥር።
ያላለቀ ፎቅ፣ ከወገቡ በላይ ደመና የዋጠው።
የምነግራት ምሰሶ ፈለግሁ፣
በግራ፣ በቀኝ።

«ምንተስኖት፣» አልሁ፣ «ሞተሩን አጥፋው፤
ቁርስህን ብላ።
አልታየኝም።»