ሰረዝ

ለእናት ዘጠኝ መስመር፣ ለአባት አንድ መስመር፤
ሰኞ ጧት ነበረ፣ ወረፋው እስከ በር።
እኔም ቸኮልሁና አንዲት ሰረዝ ጣልሁ፣
«የሚቀጥል ይግባ» ብዬ ተጣራሁ።

ናሁሰናይ ይባላል፤ ስድስት ነው ዓመቱ፤
ፈለገ ሕይወት ነው ያረፈች እናቱ።
ጎረቤት አመጣው፣ በባጃጅ፣ በሌሊት፣
ጫማው የግራው ብቻ፣ ደብተሩ ግን ሁለት።

ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ መምህሯ እሱ ጋ ስትደርስ
«ናሁሰናይ…» ትልና ትንሽ ትቆማለች፣
ቀጥሎ ያለውን አጥታ ታስላለች።
ልጆች ይስቃሉ። እሱ «አቤት» ይላል፤
ለግማሽ ስም ሙሉ ድምፅ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ የቅጹን ጥያቄ ትቼ፣
አጠገቤ አስቀመጥሁት፣ ከረሜላ ሰጥቼ።
«የዓሣህን እሾኽ ማን ነበር የሚለቅም?»
ከዘንባባው ማዶ ዓይኑን ወደ ሐይቁ ላከ፤ ቶሎ አልመለሰም።
«አክስት ፈንታነሽ» አለ። «ደግሞ አያ ይርሳው፣
ታንኳ የሚሠራው።»

አሥራ አራት ቀን ሙሉ ይችን አልጠየቅሁም ነበር።

ወደ ዳሩ ወረድሁ፣ ደንገል ከተሰጣበት፤
ሽማግሌው ታንኳ ያስራሉ፣ በጉልበታቸው ተጭነውበት።
«ከቢሮ ነሽ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ እንኳ፣
«ደግሞ ምን ልትከለክሉን ነው፣ ዓሣውን ወይስ ታንኳ?»
ስነግራቸው ግን ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ፤
«ያንማው ልጅ?» አሉ። ድምፃቸው ደቀቀ።
«ይርሳው ስም ነው እንጂ እኔስ አልረሳሁም፤
ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፣ ልጁን ግን አላየሁም።
‹መንግሥት ወሰደው› አሉን። መንግሥት ይታማል?
ደጁስ በየት በኩል፣ በማን ይንኳኳል?»

ፈንታነሽ መጣች፣ የዓሣ ቅርፊት ክንዷ ላይ እያበራ፤
ወንድሟ መተማ ነው፣ ሰሊጥ አጨዳ፣ የቀን ሥራ።
ወር በገባ ቁጥር በስልክ ብር ይልክ ነበር
ለሟቿ፤ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር።
«እሷ ተቀየመች፣ እሱ ደግሞ አፈረ፤
በሁለት ኩርፊያ መሃል ልጁ ሜዳ ቀረ።»
እዚያው ቆመን ደወልን። ስልኩ ሦስቴ ጠራና ተቋረጠ።

አባት ሁሉ ደግ ነው ብዬ አልምልም፤
መዝገቤ ውስጥ ቀበቶ አለ፤ እሱን አልረሳም።
አንዱን ጠርቼው ነበር፤ ድምፁን ገና ስትሰማ
ልጅቱ ተሸሸገች ከጠረጴዛዬ ሥር፣ በጨለማ።
ግን ያ ሌላ ሰው ነው። የእሱን ጥፋት ወስጄ
በአንማው ስም ቦታ ማስመር አልነበረብኝም፣ በገዛ እጄ።

በስምንተኛው ቀን መጣ፣ በአይሱዙ ላይ አድሮ፣
ከደጃፉ ቆመ አንገቱን ሰብሮ።
«ግባ» ስለው ዞሮ ኋላውን አየ፤
ሌላ ሰው የጠራሁ መስሎት፣ ጥቂት ቆየ።
ከጥቁር ፌስታል ውስጥ አንድ ጫማ አወጣ፣
የቀኝ እግር፣ የልጅ።
«ለልክ ነበር» አለ፤ «አዲሱን ይዤ ልመጣ።»

ውሳኔው ገና ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል፤
የቤት ጉብኝት አለ፤ የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል፤
አጨዳው አላለቀም፤ አንማው ይመለስ ይሆናል።
ፈንታነሽ «እኔ ጋ ይደር» ብላለች፤
ለአክስት የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ የለም፤ በኅዳጉ ጻፍኋት።

ሰረዟን በምላጭ ፋቅሁ፤ ወረቀቱ ሳሳ፤
«አንማው» ብዬ ስጽፍ ቀለሙ ወደ ጀርባው አለፈ።
ፈንታነሽ «ለልጁ» ብላ የተወችው ደረቅ ዓሣ
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመዝገቡ ጋር አድሮ ነበርና
ኃላፊዬ ዛሬ ገልጣ አሸተተች፦
«ይኼ ፋይል ለምንድን ነው ሐይቅ ሐይቅ የሚሸት?»