ሰባተኛው በርሜል

ሥራዬ መጫን ነው፣ የማይፈለገውን፤
ማንም በደጃፉ ማየት የጠላውን።
አሲድና ዝቃጭ፣ ቀለም የጠጣ ጨርቅ፣
ታጥቦ የማይጠራ፣ ተቀብሮ የማይደርቅ።

ኦስትራቫ ከተማ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣
አንድ ወርክሾፕ አለ፣ ጥላሸት የለበሰ ጣሪያ፤
የበር እጀታና የቧንቧ አፍ ነክሮ፣
እንደ መስታወት ያወጣል፣ በክሮም አሳምሮ።
የባለቤቱ ስም ሲኮራ ይባላል፤
ሲኮራ ሲኮራ ሒሳብ ይዘነጋል።

መዝገቡን የያዘች ድራሆሚራ ናት፣
መነጽሯ በክር የታሰረ ካንገት፤
በየበርሜሉ ሆድ ቢጫ ወረቀት ለጥፋ፣
ቀኑን በወፍራም ቀለም በላዩ ላይ ጽፋ፣
ክዳኑን በመፍቻ እስኪጮህ አጥብቃ፣
አሲዱን ከሳያናይድ በግንብ አርቃ፦
«እነዚህ ሁለቱ ከተሳሳሙማ፣
ቀባሪም አይተርፈን፣ ጎረቤት የለማ!»
ትለኛለች ሁሌ፣ ያው እንደ ሰላምታ፤
ጓንቴን እየሳብኩኝ እስቃለሁ ላፍታ።

የኅዳር ማክሰኞ፣ ጭጋጉ እንደ ፎጣ
ካሮጌው ከሰል ክምር ትከሻ ሳይወጣ፣
መኪናዬን አቆምኩ። ቆጠርኩኝ፤ ስድስት ነው።
መዝገቧ ሰባት ይላል። ዳግም ቆጠርነው።
ስድስት።
ከወለሉ ላይ ክብ፣ የዝገት ቀለበት፤
በርሜል የቆመበት።

ብቅ አለ ሲኮራ፣ ስልኩ ከጆሮው ላይ፦
«ስድስት ብለሽ ጻፊ! ማን ሊቆጥር ነው ከላይ?
ባዶ በርሜል እኮ ነው፣ ተንጠፍጥፎ ያለቀ፤
ለባዶ ነገር ደግሞ ማነው የተጨነቀ?»

ብዕሯን ከደነች፣ መነጽሯን አወለቀች፤
ድምፅዋን ሳታነሣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«ባዶ ያልከው በርሜል ግድግዳው ጠጥቷል፤
የጠጣ ያጠጣል። የት ነው? ማን ወስዶታል?»

ከመወልወያው ጀርባ አንድ ልጅ፣ እያፈረ፣
ጨርቁን እያሻሸ እንዲህ ተናገረ፦
«ራዶቫን ወሰደው፣ ጡረታው የጸና 'ለት፤
ለጓሮ አትክልቱ፣ ዝናብ ሊያቁርበት።»

ሄድን። መዝገቧ ከጉልበቷ ላይ ነው፤
መንገዱን በሙሉ አንድም ቃል አልወጣው።
ከባቡሩ ግርጌ፣ ቁራሽ ቁራሽ መሬት፣
የጡረተኛ ጎጆ፣ የእንጨት አጥር፣ ካሮት።
በርሜሉ እዚያ ቆሟል። ቢጫው ወረቀት በዝናብ
ተልጦ፣ የሷ ጽሕፈት፣ ቀኑ ብቻ ሲነበብ።
ከአሸንዳው የወረደ ውሃ እስካፉ ሞልቶ
ሰማይ ይታይበታል፣ ወደ ቢጫ አድልቶ።

«ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ በሳሙና፣ በሙቅ፤
አርባ ዓመት ሠርቼ ይኼንን ላላውቅ?»
አለ ራዶቫን። እሷ ግን ዝም አለች፤
ጎንበስ ብላ አንዲት እንጨት ትመለከታለች፤
ከካሮቱ መደብ ጫፍ፣ በልጅ እጅ ጽሕፈት፦
«የሚላዳ መደብ፤ ክልክል ነው መርገጥ፣ መንካት።»

«በልታለች ወይ?» አለች።
ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
«የልጅ ልጄ? ገና ነው» አለ፤ ድምፁ ደቀቀ፤
«ለገና ብላ ነው ያቆየችው።»
ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመቱን አላነሣው።

ቆፈርን። እስከ ክርን ጓንት፣ እስከ ዓይን ጭምብል፤
መደቡን ከነሥሩ ወደ አዲስ በርሜል።
እንጨቷን ብቻ ጠርጋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
ሰጠችው፦ «በሌላ አፈር ትተክለው፣ በሌላ።»

ማታ ሲኮራ ሒሳቡን አየ። በኪሎ ሲባዛ
ፊቱ እንደ ቧንቧ አፉ አበራ፣ በላብ ወዛ።
«ለጭቃ ይህን ያህል?» አለ። «ለጭቃ» አለች፤
የፊርማውን ቦታ በጣቷ አሳየች።
ፈረመ። እሱም እኮ አንዳንዴ ይፈርማል፤
ሲኮራ ሳይኮራ ደህና ሰው ይወጣዋል።

«ከማስወገጃው ጣቢያ ደረሰኝ ከቀረ፣
በሠላሳኛው ቀን ደጅህ ነኝ» ነበረ
የስንብቷ ቃል። ከበሩ ስወጣ፣
ቆም አልኩ፤ ማሰሪያው እንዳይላላ፣ ጣጣ እንዳላመጣ።
በስምንተኛው በርሜል ሆድ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ገና፣
አነበብኩ፣ የእጅ ባትሪዬን አበራሁና፦

ይዘት፦ አፈር። ውሃ።
ካሮት፣ ዐሥራ አራት፤
የሚላዳ ንብረት።