የእግር ልክ

ዐርባው ትናንት ወጣ፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤
የዕድሩ ወንበር ሁሉ በጋሪ ተመለሰ፤
የአዳማ ነፋስ ብቻ ግቢውን አመሰ።
መኪናው ሊሸጥ ነው፤ ወንድሞቼ ጎማ እያጠቡ
"ጋቢናውን አንቺ" አሉኝ፤ ፈርተው ነው፣ አልገቡ።

ናፍጣና የደረቀ ሎሚ ሸተተኝ። ሚካኤል ከመስታወቱ ግርጌ ቆሟል፤
ሰይፉን ፀሐይ በልታው፣ ክንፉ ብቻ ከርሟል።

እርገጤ ነበር ስሙ። እንደ ስሙ ረገጠ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ እንደጨበጠ፣
ሞያሌን ከነግመሏ፣ ሁመራን ከነሰሊጧ፣
ሚሌን ከነወበቋ፣ ጅቡቲን ከነማዕበሏ፣
እንደ ልጅ አመል ያውቃት ነበር አገሪቱን፣ ከነቁጣዋ ከነሳቋ።

ለእኛ ግን አባት ማለት፣ ቅዳሜ ሌሊት የሚመጣ፣
የግድግዳውን ኖራ ታክኮ የሚወጣ
መብራት ነበር። የፍሬን ትንፋሽ። የቆርቆሮ በር፣ ሦስቴ።
ሽንኩርት ከመተሐራ፣ ቴምር ከአሳይታ፤
"ተኚ፣ ተኚ እናቴ።"
ደግሞ ሳይነጋ፣ ውሃ በጆግ፣ ፊቱን በልብስ ሳሙና፣
ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወደ ሚካኤል ጎዳና።

ቅጥሩን ግን አልፎ አያውቅም። ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣
ወይራዋን ተደግፎ፣ "እትዉ በሰላም" እስኪባል ይቆም ነበር።
እኔ አፍር ነበር፤ የሰው አባት ከደጀ ሰላሙ ገብቶ ሲሰግድ
የእኔው ከጧፍ ሻጭ ጋር፣ ከለማኝ ጋር፣ ከመንገድ።
"ሰውነቴ ናፍጣ ነው፤ ሰው አላውክም" ይለኝ ነበር።
አመንኩት። እውነትም ናፍጣ ነበር።

ከሚሌ የመጣው ጎሚስታ፣ ሁመድ፣ ለቅሶ ላይ ነገረን፤
"በአሥራ ሁለት ቀን፣ ጎማው ቢግል፣ ጭነቱ ቢያጣድፈን፣
ሞተሩን ያጠፋል፤ ወርዶ ፊቱን ወደ አዳማ ይመልሳል፤
'ዛሬ ወሩ ነው' ይላል፤ ከዚያ መፍቻውን ያነሳል።
እኔም አብሬው ዝም እላለሁ" አለ፣
"ምኑን እንደሆነ ሳላውቅ።"

ከሊብሬው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አምስት ክር።
ክሮቹን አውቃቸዋለሁ።
ባዶ እግራችንን ሲሚንቶ ላይ አቁሞ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት
በክር ይለካን ነበር፤ ጫማ ሊገዛ ከሩቅ ገበያ፣ ለጥምቀት፤
"ቁጥር ይዋሻል፣ ክር አይዋሽም" ብሎ፣
በየተራችን ቋጠሮ አክሎ።

አንድ ቋጠሮ፣ ሳህሉ። ሁለት፣ ገዛኸኝ።
ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። እንዲያ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።
ሦስት ቋጠሮ ያለውን ክር መዳፌ ላይ ዘረጋሁት፤
የትንሿን ጣቴን ያህል ቢሆን ነው።
የእኔውን ፈለግሁ፤ ከቀይ ሹራቤ የተመዘዘውን።
አራት ቋጠሮ።
የቢተውን ቆጠርሁ። አምስት።
እኛ አራት ነን።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር።
ክሩን አሳየኋት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።
"ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነበር" አለች፤ "ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀር።
አባትሽ ጅቡቲ ወደብ፣ ተራ ይጠብቅ ነበር።
ስልክ የለ። ያልተጠመቀ ነውና ቄሱም እንደ ሥርዓቱ፣
ከቅጥሩ ውጪ ነው አሉ፤ ከወይራዋ ሥር አኖሩት።
አባትሽ ፊቱን አላየውም።
ሲመጣ ምን ልስጠው? እግሩን ለክቼ ነበር፣
ይህንን ሰጠሁት።"
ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች፤ ጠጠር አገኘች፣ ጣለች።

ወንድሞቼ አጥበው ጨርሰዋል። ገዢው ከሞጆ ደውሏል።
ሳህሉ ሊሞክረው ቁልፉን አዞረ፤
ግቢው ተንቀጠቀጠ፤ ጭሱ ከነፋሱ ጋር ዞረ።
"አጥፋው!" አልኩት።
"ምነው? ምን ሆንሽ?"
"አጥፋው። ዛሬ ወሩ ነው።"