ከሰባቱ ቁልፎች ጋር

ነጂብ የወንድሜ ልጅ፣ ቁልፉን ተቀበለኝ፣
ጉልበቴ የደሴን ብርድ ከእንግዲህ አልችልም አለኝ።
ወርጄ ኮምቦልቻ ከልጄ ዘንድ ልሙቅ፣
አንተ ግን ከጦሳ ሥር ካለው ቤት አትራቅ።
ሰባት ክፍል ነው፣ ሰባቱም ቁልፍ ይኸው፤
ሦስተኛው ይጠብቃል፣ ገፋ አርገህ ክፈተው።

ወረቀት ላይ ሲታይ ሰባት ጊዜ ኪራይ፣
ገንዘብ ዓመት ሙሉ የሚዘንብ ከሰማይ
ይመስላል። አይደለም።
ግብሩ ይቆርሰዋል፣ ይነክሰዋል ቆርቆሮ፣
የቀረውን ሽንት ቤት ይውጠዋል ተወጥሮ።
ከአሥር ብር ላይ ሁለቱን ጣሳ ውስጥ ክተተው፤
ያንተ አይደለም፣ የክረምት ነው።

ግንቦት ሳይገባደድ ጣሪያው ላይ ውጣና፣
የላላውን ምስማር በእጅህ ዳብስና፣
ጎማውን ለውጠው፤ ሰኔ አይለምንምና።
ከኋላ ያለው ግንብ፣ ተራራ ተሸክሞ፣
ውሃ መውጫ ካጣ ይፈርሳል ታሞ።
ቱቦዎቹን ሁሉ በሽቦ ጥረጋቸው፣
ጎረቤት አፈሩን እንዳይደፋባቸው።
ቢደፋም አትክሰስ፤ አካፋህን ይዘህ
በሩን አንኳኳለት፣ ጎርፍ ደጅ አይለይም ብለህ።

ውል ይጻፍ። ዘመድም ቢሆን ውል ይጻፍ፣
ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር ከውሉ ጋር ይለጠፍ።
የበሩ መስታወት ከእሱ በፊት መሰንጠቁን ጭምር አስፍር፣
አለዚያ በመልቀቂያው ቀን ትጣላላችሁ በስንጥር።

አንድ ቆጣሪ ለሰባት ቤት፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።
ካውያ የሚሰካ አለ፣ አምፖል ብቻ ያለው፤
እኩል ሲካፈሉት ደሃው ነው የሚከፍለው።
ከቻልክ አስለየው። ካልቻልክ ሂሳቡን
ግድግዳ ላይ ለጥፍ፤ አትደብቅ ደረሰኙን።

ኪራይ ስትጨምር መስከረምን ተው፣
የደብተር፣ የዩኒፎርም ወር ነው።
ረመዳንንም ተው፣ ፋሲካ ሲደርስም ተው።
«ታዲያ መቼ?» ትላለህ። ጥር ላይ፣ እህል ሲገባ፣
ሦስት ወር ቀድመህ ንገር፣ የሰው ሆድ እንዳይባባ።

ቁጥር ሁለት ዘይነባ የፋብሪካ ልጅ ናት፣
ሐረጎን ትወርዳለች ገና ሳይነጋላት።
ደመወዟ ወር በገባ በስድስት ነው፤ በአንዱ አትጠይቃት፣
ውሉ ላይ ቀኑን ቀይር እንጂ አታሳፍራት።

አሁን ቁጥር አራት።
ይቺን ቁልፍ ለብቻ በቀይ ክር አስሬያታለሁ፤
በዚች ክፍል ምክንያት እኔ ሰው በድያለሁ።
ሙሄ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ የሁለት ወር ኪራይ
ዘገየብኝ ብዬ፣ ሳልጠይቅ፣ ችግሩን ሳላይ፣
ሲንጀሩን ከነጠረጴዛው አስወጣሁት ሐምሌ ላይ።
ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፤ ውል አለኝ፣ ምስክር አለኝ፣
እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ውል ምንም አልጠቀመኝ።
ክፍሉ ባዶ ቀረ። የሁለት ወር ብር ብዬ
የአምስት ወር ጣልኩ፤ ደምረው እስኪ ልጅዬ።
ከብሩ የባሰው ግን፣ ሰው ያልተነፈሰበት ቤት፣
እሳት ያልነደደበት፣ ካውያ ያልሞቀበት፣
ከጦሳ የሚወርደው ጉም በመስኮት ገባበት፤
ግድግዳው አረንጓዴ አበቀለ፣ በሩ አበጠበት።

ከዓመት በኋላ ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው ጥግ፣
አገኘሁት። ፊቴን ላዞር ነበር፤ ሊሰድበኝ ቢፈልግ
መብቱ ነው። እሱ ግን ጨርቁን አስቀመጠና፣
«እትዬ» አለኝ፣ «ከበሩ ኋላ ያለችው ስንጥቅ ደህና?
በጋዜጣ ወትፌያት ነበር፤ ሰፋች ወይስ ቆመች?»

ስንጥቅ መኖሯን አላውቅም ነበር። ለካ ነበረች።
በማግስቱ ወጥቼ ሦስት ጣቴን ከተትኩባት፤
ስሚንቶው ነጣ ያለበት ቦታ ናት፣ አየት አድርጋት።
ካርታው በስሜ ነው፤ ቤቱን ግን የሚያውቀው
ሌሊት ጣሪያው ሲያፈስ ሳፋ የሚያስጠጋው ነው።

ስለዚህ በወር አንዴ፣ ለኪራይ ሳይሆን፣ አንኳኳ፤
«የቱ ጋ ያፈሳል?» በል። ተከራይ ፈርቶ ዝም ይላል፣ ጠብታው ሳፋውን እስኪያንኳኳ።
ሦስተኛው ቁልፍ እንዳልኩህ ነው፣ ዘይት ጣል አድርግበት።
ጣሳው ከአልጋው ሥር ነው፤ ዘጠኝ ሺህ አለበት።
የሙሄን እዳ ሰርዤዋለሁ፤ ደብተሩ ላይ ካየኸው፣ እለፍበት።